ከኤልና በር ውጭ የቆመው ሰው

ዓርብ ጠዋት ገዝዋን ካሂ የሚሉትን ስስ ቂጣ ገይመር በሚባለው የወተት ስልባቦት ቀብቶ ሲጎርስ ስልኩ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ተንጫጫ። አንድ ጊዜ ቢሆን ንቆት ይበላ ነበር። ሦስት ጊዜ ሲሆን ግን ወይ ሰው ሞቷል፣ ወይ ሩዋይዳ መጽሐፍ አግኝታለች ማለት ነው።

ሩዋይዳ ነበረች።

«የበሩ ማኅበር አባላት፣ የተቀመጣችሁ ተነሡ፣ የቆማችሁ ተቀመጡ» ይላል የላከችው ድምፅ። ትንፋሿ ደረጃ የወጣ ሰው ትንፋሽ ነው። «‹የኤልና ስድስት ክረምቶች› እንደገና ተተርጉሟል። በቀጥታ ከዋናው ቋንቋ፣ ሙሉውን። ቤይሩት ከታተመ ገና አሥር ቀኑ ነው። ባግዳድ የገባው የመጀመሪያው ቅጂ እኔ እጅ ላይ አለ፣ ከላስቲኩ አልወጣም። አራት ሰዓት ላይ ሻይ ቤት እንገናኝ፣ አብረን እንከፍተዋለን። የመጨረሻውን ገጽ የማነብላችሁ እኔ ነኝ፤ ከአሁኑ ተናግሬያለሁ።»

ገይመሩ ገዝዋን አፍ ውስጥ ኖራ ሆነ። ሚስቱ «ምነው፣ ጎመዘዘህ?» ብትለው ራሱን ነቅንቆ ተነሣና ጫማውን ፈለገ። ግራ እግሩን ቀኝ ጫማ ውስጥ ከቶ ነበር የወጣው፤ ይህን ያወቀው መንገድ ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመጻሕፍቱ መንገድ ጀርባ ባለው ሻይ ቤት አራት ሰዎች በየዓርቡ አንድ ጠረጴዛ ይከባሉ። ሌላው ከተማ በስንት ነገር ይጣላል፤ እነዚህ የሚጣሉት ከመቶ ዓመት በፊት በሞቱ ሰዎች ምክንያት ነው፤ ያውም ከመጽሐፍ ውጭ ባልተወለዱ ሰዎች። ማኅበራቸው ስሙን ያገኘው ከአንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ኤልና የምትባል የዓሣ አጥማጅ ሚስት፣ ባሏን ባሕር ወስዶባት፣ በዚያ በሰሜኑ ብርድ ስድስት ክረምት ትጠብቃለች። በስድስተኛው ክረምት ማለቂያ አንድ ቀን በሯ ይንኳኳል። «ኤልና እጇን በቀሚሷ ጠርጋ በሩን ከፈተች።» ገጽ ሦስት መቶ አራት። አለቀ።

ማን ነው ያንኳኳው? በዚህ ጥያቄ ሃያ ስምንት ዓመት ሻይ ተጠጥቷል። ኡስታዝ ሂክመት፣ የማኅበሩ ሊቀ መንበር፣ ጡረታ የወጡ የሰዋስው መምህር፣ «ማንም አላንኳኳም፤ የሰማችው የገዛ ልቧን ነው» ይላሉ። የጥርስ ሐኪሟ ወይዘሮ፣ ሲት ሳጂዳ፣ «ባሏ ነው፤ አንድ እግር ጎድሎት» ይላሉ። እግሩን ለምን እንደቆረጡበት ሲጠየቁ «ስድስት ዓመት ሙሉ ምንም ሳይጎድልበት ከቆየማ ሌላ ሴት ዘንድ ነበር» ብለው ይመልሳሉ። በስልኳ ላይ ስለ መጻሕፍት እያወራች አርባ ሺህ ተከታይ ያፈራችው ሩዋይዳ፣ ከማኅበሩ ታናሽ ናትና የሁሉንም ትቃወማለች፤ ያንኳኳው ባሕሩ ራሱ ነው ባይ ናት።

አራተኛው ገዝዋን ነው። ገዝዋን አስተያየት የለውም። ፎቶ ኮፒ ቤት አለው፣ ከምሰሶው አጠገብ ይቀመጣል፣ ያዳምጣል፣ ሻዩን ያማስላል። በልጁ ስም ጠርተው «አቡ ዘይዱን፣ አንተስ ማን ነው ትላለህ?» ሲሉት «እኔ ምን አውቃለሁ፣ እኔ የማውቀው ቀለም ነው» ይላል። ትሑት ሰው ነው ተብሎ ተከብሯል።

እውነቱ ግን በሩን ያንኳኳው ማን እንደሆነ በዚያ ከተማ የሚያውቅ እርሱ ብቻ መሆኑ ነው።

አገሩ ከዓለም ጋር እንዳይነግድ በተከለከለበት በማዕቀቡ ዘመን አዲስ መጽሐፍ እንደ ሙዝ ብርቅ ነበር። አንድ ቅጂ ከተገኘ ፎቶ ኮፒ ቤት ይሄዳል፣ ተባዝቶ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። የኤልናን የድሮ ትርጉም ለገዝዋን ያመጡለት ኡስታዝ ሂክመት ነበሩ፣ ከአገር ሊወጣ ከተነሣ ሰው ለሦስት ቀን ተውሰው። አርባ ቅጂ አዘዙ። ገዝዋን አባዛ፣ አባዛ፣ መጨረሻው ላይ ወረቀት አጠረው። አሥራ ስድስት ገጽ ቀረ። በከተማው ወረቀት አልነበረም። በሦስተኛው ቀን መጽሐፉ ለባለቤቱ ተመለሰ፣ ባለቤቱም ይዞት ከአገር ወጣ፤ አርባዎቹ ቅጂዎች ያለ አሥራ ስድስቱ ገጽ ተጠረዙ። በዚያ አገር መጻሕፍት ማውጫው ከኋላ ነው የሚታተመው፤ እርሱም አብሮ ቀረ። ከዚያ በኋላ ማን ይጠርጥር? ጨርሼዋለሁ ያለውን መጽሐፍ መጨረሻ የሚፈልግ ሰው የለም።

በሳምንቱ ሊናገር ወስኖ መጣ። ኡስታዝ ሂክመት ግን ዓይናቸው እንባ አቅርሮ «እንዲህ ያለ አጨራረስ በሕይወቴ አላነበብሁም» ሲሉ ደረሰ። ምላሱን ዋጠ። በሁለተኛው ሳምንት ማኅበሩ ስም ወጣለት። በሦስተኛው፣ ስብሰባ በጀመረ ቁጥር ያችን ዓረፍተ ነገር ሁሉም በአንድ ድምፅ እንዲሏት ተደነገገ። እንግዲህ ሰው በስንተኛው ሳምንት ነው የሚናገረው?

አሁን ደግሞ የባሰ አለ። ኡስታዝ ሂክመት ሰባት ዓመት የደከሙበት ጥናት ተጠናቆ ገዝዋን ሱቅ ተቀምጧል፤ ነገ ቅዳሜ ይባዛል። ርእሱ «ያልተነገረው እንግዳ፦ በኤልና ደጃፍ ላይ ስለ ቆመው ባዶነት» ነው። ዘጠና ሁለት ገጽ ስለ ባዶነት።

ሻይ ቤት ሲደርስ ገና ሦስት ሰዓት ተኩል ነበር። ሩዋይዳ ቀድማው መጥታለች። መጽሐፉን በላስቲኩ ከስኳር ማስቀመጫው ላይ አስደግፋ በስልኳ ፎቶ ታነሣዋለች።

«ዓሞ አቡ ዘይዱን፣ እርስዎም አላስቻለዎትም አይደል?» አለችው፣ እንደ አጎት እየጠራችው። «ይዩት እስኪ። ሽፋኑ ላይ በር የለም። ደስ አይልም? የድሮዎቹ በር ሳይሥሉ አያልፉም ነበር።»

የድሮዎቹን ሽፋን የሠራው ገዝዋን ነበር። ከምሰሶው አጠገብ ተቀመጠ።

«እስኪ አንዴ ልየው፣ ልጄ። ኅትመቱን ብቻ። ጥርዙን።»

«በላስቲኩ ላይ ይዩት።»

«ጥርዝ በላስቲክ ይታያል?»

«ዓሞ፣ እኔኮ አውቅዎታለሁ» አለች ሩዋይዳ፣ መጽሐፉን ወደ ደረቷ አስጠግታ። «ዝምተኛ ሰው ነው መጀመሪያ የሚሰርቀው። የመጨረሻዋን ገጽ ማንም አይቀድመኝም። አርባ ሺህ ሰው እየጠበቀኝ ነው።»

ሰዓቱ ሲደርስ ሲት ሳጂዳ ቦርሳቸውን እያወዛወዙ ገቡ። ገና ሳይቀመጡ «ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም» አሉ። «መልእክቱ የመጣው ጠዋት ነው» ብትላቸው ሩዋይዳ፣ «ቀድሞ ታውቆኛል፤ ጥርስ የሚነቅል ሰው ሕመም ሳይመጣ ይሰማዋል» አሉ። ቀጥለው ኡስታዝ ሂክመት መጡ። በበጋም በክረምትም የማይለዋወጥ ግራጫ ኮት ለብሰዋል፤ ዛሬ ግን ክራባት አለ። ክራባት የሚያስሩት ለቀብርና ለአዲስ ትርጉም ነው።

የደረቀ ሎሚ ሻይ ቀረበ። አራቱም እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አድርገው «ኤልና እጇን በቀሚሷ ጠርጋ በሩን ከፈተች» አሉ። የገዝዋን ከንፈር ተንቀሳቀሰ እንጂ ድምፅ አልወጣውም።

«እንግዲህ» አሉ ኡስታዝ ሂክመት እጃቸውን እያፋተጉ፣ «ሳይከፈት በፊት ነገሩ ይለይልን። ‹ጠርጋ› የሚለው ግስ በዋናው ቋንቋ ከተለወጠ ጥናቴ ውስጥ አንድ የግርጌ ማስታወሻ አስተካክላለሁ። ሌላው ተራራ ነው፤ አይነቃነቅም።»

«ተራራው ላይ አንድ እግር ያለው ሰው ሲወጣበት ያያሉ» አሉ ሲት ሳጂዳ።

«ሲት ሳጂዳ፣ ሰውዬውን ሃያ ስምንት ዓመት በአንድ እግሩ አቆሙት። እስቲ ይቀመጥበት ወንበር እንኳ ይስጡት።»

«ቤቱ ገብቶ ይቀመጣል። እርስዎ አይደሉ በሩን የዘጉበት?»

«ሁለታችሁም ሰው ነው የምትፈልጉት» አለች ሩዋይዳ። «ባሕሩ ወሰደ፣ ባሕሩ መጣ። ይኸው ነው። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ የጫማዋ ጨው…»

«አሁን የጫማውን ጨው ልታመጣ ነው» አሉ ሲት ሳጂዳ ወደ ገዝዋን ዞረው። «ዓይኔ፣ አንተ አስማማን እንጂ። ምነው ፊትህ ገረጣ? መንጋጋህ ነው?»

ሩዋይዳ የላስቲኩን ጫፍ በጥርሷ ያዘች። ሲት ሳጂዳ «በጥርስ አይቀደድም» ብለው ጮኹባት፤ ሙያቸው ነው። ላስቲኩ ተቀደደ። መጽሐፉ በጠረጴዛው ዙሪያ ተዟዙሮ በልማዱ መሠረት ተሸተተ። ኡስታዝ ሂክመት ዓይናቸውን ጨፍነው ረዥም ማሽተት አሸተቱና «ቤይሩት» አሉ፣ እንደ ወይን ቀማሽ። ገዝዋን ዘንድ ሲደርስ ግን ገዝዋን አላሸተተውም። በሁለት እጁ ጨምቆ ያዘው።

«ዓሞ፣ ይልቀቁት» አለች ሩዋይዳ።

«ገጽ ሦስት መቶ አራት ላይ አያልቅም» አለ ገዝዋን።

«አዎ፣ ፊደሉ ትልቅ ነው መሰለኝ፣ ሦስት መቶ አርባ…»

«ፊደሉ አይደለም። ታሪኩ አያልቅም። አሥራ ስድስት ገጽ አለ። እኔ ነኝ ያስቀረሁት።»

መጀመሪያ የሳቁት ሲት ሳጂዳ ናቸው። ገዝዋን በሃያ ስምንት ዓመት የመጀመሪያውን ቀልድ የቀለደ መስሏቸው ሊያበረታቱት ነው። ከዚያ ፊቱን አዩና ሳቃቸው ወረደ። ገዝዋን ወረቀቱን ተናገረ፣ ሦስቱን ቀን ተናገረ፣ ማውጫውን ተናገረ። ሲናገር ወደ ማንም አላየም፤ ኡስታዝ ሂክመት ክራባታቸውን ቀስ ብለው ሲያላሉ ግን በዓይኑ ጠርዝ አየ። ይህ ወንበር ከዛሬ በኋላ የሌላ ሰው እንደሆነ ታወቀው። ዓርብን ያለዚህ ምሰሶ ሊያስበው ሞከረ፤ አልሆነለትም።

«ስለዚህ አንድ ሰው አለ» አሉ ኡስታዝ ሂክመት በመጨረሻ። ድምፃቸው ቀጥ ብሏል፣ ክፍል ውስጥ እንዳሉ። «ውጭ የቆመ።»

«አለ፣ ኡስታዝ።»

«እኔ ዘጠና ሁለት ገጽ ስጽፍ አንተ ታውቅ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«ሕጉ ይፈጸም» አሉ ሲት ሳጂዳ ደማቸው ፈልቶ። የማኅበሩ ሕግ አንድ ነው፤ ላላነበበ ሰው መጨረሻውን የተናገረ ወንበሩ ወደ ግድግዳ ዞሮ አርባ ዓርብ በዝምታ ይቀመጣል። አንድ ጊዜ ብቻ ተፈጽሟል፣ በራሳቸው በሲት ሳጂዳ ላይ። «ይዙር።»

«እርሱ መጨረሻውን አልተናገረም» አለች ሩዋይዳ። «ወንጀሉ መጨረሻውን አለመናገሩ ነው። ሕጉ የሚቀጣው ተቃራኒውን ነው። እንዲያውም በሕጉ ከሄድን ከሁላችን የተሻለ አባል እርሱ ነው፤ ሃያ ስምንት ዓመት አንዲት ቃል አላመለጠችውም።»

ኡስታዝ ሂክመት ሁለቱንም አልሰሙም። አዲሱን መጽሐፍ ከገዝዋን እጅ ወስደው ከፊት በኩል ገለጥ ገለጥ አደረጉ። ከዚያ ከኮታቸው ውስጥ ያችን ያረጀች፣ በክር የተጠገነች ፎቶ ኮፒ አወጡና ጎን ለጎን አስቀመጧቸው።

«አቡ ዘይዱን» አሉ። «የኔ ቅጂ መቅድም አለው። የአንድ ፕሮፌሰር መቅድም። ስለ ሰሜን አገር ዓሣ ዋጋ ነው የሚያወራው። ስንት ገጽ ነው?»

ገዝዋን ሻዩን አማሰለ።

«አሥራ ስድስት ገጽ ነው» አሉ ኡስታዝ ሂክመት። «ወረቀት አጠረኝ ያለ ሰው የሚያስቀረው ይህን አልነበረም እንዴ? ማንም አያነበውም። እኔ ራሴ አላነበብሁትም። ለምን መጨረሻውን?»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉ የለ፤ ጥያቄው ይመጣል ብሎ ሃያ ስምንት ዓመት የፈራው ይህንኑ ነው። ሌላውን ማዕቀቡ ይሸከምለት ነበር።

«ጠላሁት» አለ።

«ምን?»

«መጨረሻውን ጠላሁት። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ አንዱን መምረጥ ነበረብኝ። ወንድሜን ኒዛርን ታስታውሱታላችሁ፤ ከኢራን ጋር ከሆነው ከስምንት ዓመቱ ጦርነት ያልተመለሰውን፣ ሞተም ያልተባለውን። እናቴ ከዚያ ወዲህ ከበሩ አጠገብ ነበር የምትተኛው። ማንበብ አትችልም። በቀን ያባዛሁትን ምሽት ላይ እነግራታለሁ፤ ኤልናን እንደ ጎረቤት ነበር የምትወዳት፣ ብርድ ልብስ ላኩላት ነበር የምትለው። በሩ ተንኳኳ ስላት ቁጭ አለች። ‹ማን ነው?› አለችኝ። እኔ አሥራ ስድስቱን ገጽ ቀን አንብቤያቸዋለሁ። ‹እዚህ ላይ ያልቃል፣ እማ› አልኋት። ትንሽ አሰበችና ‹ደግ አደረገ ጸሐፊው› አለች። ‹እንግዲያስ እርሱ ሊሆን ይችላል› አለች። ጠዋት ሱቅ ስገባ መቅድሙን አባዛሁ።»

ሲት ሳጂዳ ቦርሳቸው ውስጥ የሌለ ነገር መፈለግ ጀመሩ። ሩዋይዳ ስልኳን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ አርባ ሺህ ሰዎች ፊታቸውን ወደ እንጨቱ ደፉ።

«አንብቢው» አሉ ኡስታዝ ሂክመት።

«ኡስታዝ፣ ካልፈለጉ…»

«ልጄ፣ ሃያ ስምንት ዓመት በሩ ላይ ቆሜያለሁ። አንብቢው።»

ሩዋይዳ አነበበች። ኤልና እጇን በቀሚሷ ጠርጋ በሩን ከፈተች። ውጭ የቆመው ቀራጩ ነበር። ያ በየክረምቱ ግብር ሊሰበስብ የሚመጣው ቀጭን ሰው፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ በኪሱ የአጎቷን ኑዛዜ ይዞ። አጎት አላት ወይ? አሁን አላት። ቤትና መሬት ወረሰች። ቀራጩ አግቢኝ ብሎ ተንበረከከ። ሦስት ገጽ ሠርግ ሆነ፣ የሙዚቀኞቹ ስም ሳይቀር ተዘረዘረ። ቀጥሎ ደራሲው ራሱ መጥቶ በሰባት ገጽ ልጃገረዶችን መከረ፤ ከሞተ ባል ደመወዝ ያለው እንደሚሻል።

ስታበቃ መጽሐፉን እንደተገለጠ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ደመወዝ» አሉ ኡስታዝ ሂክመት።

«ሁለት እግር ያለው» አሉ ሲት ሳጂዳ በሐዘን።

ከዚያ ግን ሩዋይዳ ጉንጯ እየቀላ ገጹን ወደ ኋላ መግለጥ ጀመረች። «ቆይ፣ ቆይ። ምክሩን ተዉት፣ ሠርጉን ተዉት። ቀራጩ በስድስቱም ክረምት መጥቷል። በበረዶ፣ በእግሩ። በየጊዜው ግብሩን ሳይቀበል ይመለሳል። እኛ እርሷን ብቻ ስናይ አንድም ቀን አላየነውም። ጠባቂዋ አንድ መስላን ነበር፤ ሁለት ጠባቂዎች ናቸው። ስድስት ክረምት እርሱም ጠብቋል። መጨረሻው መጥፎ አይደለም፣ እኛ ነን ያልገባን። ኡስታዝ፣ ይህ መጽሐፍ እንደ አዲስ መነበብ አለበት።»

ኡስታዝ ሂክመት ዓይናቸው ፈጠጠ። ሲት ሳጂዳ «ይህችን ልጅ» ብለው ጀመሩ፣ መጨረስ ግን አልቻሉም፤ ነገሩ ሊያሳምናቸው ነው።

«ተሳስተሻል» አለ አንድ ሰው።

ሁሉም ዞሩ። ገዝዋን ቆሟል። መቆሙን ራሱ ያወቀው ሻዩ ሱሪው ላይ ሲፈስ ነው።

«ቀራጩ አያንኳኳም» አለ። «ገጽ ሃያ ስምንት ላይ ከአጥሩ ውጭ ሆኖ ይጣራል። ሰባ አንድ ላይ ይጣራል። መቶ አሥራ ስድስት ላይ ድምፁ በነፋሱ ስለተዋጠ በረዶ ይወረውራል። መቶ ዘጠና ላይ እርሷ ራሷ ‹ለምን በሩን አትመታም› ስትለው ‹በሩ የባልሽ ነው› ይላታል። የባልሽ ነው። ይህን ያለ ሰው በስድስተኛው ክረምት ሄዶ በሩን ይደበድባል? ደራሲው የገዛ ሰውዬውን ረስቶታል። መጽሐፉን ለመጨረስ ቸኩሎ፣ ምናልባት አሳታሚው ሠርግ ጨምርበት ብሎት፣ ረስቶታል። እኔ እያንዳንዷን ገጽ አርባ ጊዜ አገላብጬ ነው ያባዛሁት። ያንኳኳው ቀራጩ ነው የሚል ሰው መጽሐፉን አላነበበም፤ የጻፈው ሰውዬ ቢሆንም እንኳ።»

ኡስታዝ ሂክመት ያችን አሮጌ ቅጂ ገለጡ። ገጽ መቶ ዘጠና። ጣታቸው መስመሩን ተከትሎ ወረደ፣ ቆመ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ቀና አሉና ገዝዋንን አዲስ የተተረጎመ ሰው ይመስል ያዩት ጀመር።

«ሃያ ስምንት ዓመት» አሉ ቀስ ብለው። «ይህን ሁሉ ይዘህ ነው እዚያ ምሰሶ ሥር ሻይ ስታማስል የኖርኸው?»

«እኔ ፎቶ ኮፒ ነው የማነሣው፣ ኡስታዝ። ደግሞ አፌን ብከፍት ሌላውም ይወጣ ነበር።»

«ሲት ሳጂዳ» አሉ ኡስታዝ ሂክመት፣ «ልክ ነዎት፣ ወንበሩ ይዙር። አሥራ ስድስት ገጽ ስለደበቀ አይደለም፤ እርሱን ማዕቀቡ ይቀጣበት። ይህን አስተያየት ስለደበቀ ነው። አርባ ዓርብ። አቡ ዘይዱን፣ ጥናቴንም ነገ እንዳታባዛው። መልስልኝ፣ የምጨምረው ምዕራፍ አለ። ገጽ ቁጥሮቹን አንተ ትነግረኛለህ።»

ገዝዋን ወንበሩን ራሱ አነሣ። ከምሰሶው ሥር አወጣውና ወደ ጠረጴዛው ሊያስጠጋው ቃጣው፤ ፍርዱ ትዝ አለውና ወደ ግድግዳው አዞረው፣ ተቀመጠ። ግድግዳው ላይ የአሮጌ ማስታወቂያ ማጣበቂያ ብቻ ነበር። ከኋላው ሩዋይዳ ለኡስታዝ ሂክመት ስታስረዳ ይሰማዋል፤ ሰው በስድስት ክረምት ይለወጣል፣ አንድ ጊዜ ማንኳኳቱ እኮ ነው ታሪኩ፣ በሩ የባልሽ ነው ያለ ሰው በመጨረሻ ደፍሮ ማንኳኳቱ።

በፍርዱ መሠረት ዝም ማለት ነበረበት። እስከ አሥር እስኪቆጠር ያህል ቻለው።

«ኧረ በሞቴ፣ ልጄ» አለ፣ ፊቱ ግድግዳው ላይ እንደተተከለ፣ ድምፁ ግን ሻይ ቤቱን ሞልቶ፣ «ገጽ ሁለት መቶ ሰባትን አውጭ።»

ሕጉን ያስታወሰው ማንም አልነበረም። ሦስቱም ገጹን እየፈለጉ ነበር።